ወርቅ፣ ጠገራ ብርና የኪሳችን ብር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶርምም፣ በካፌም፣ ከሰላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍም አንድ ምክር ተደጋግሞ ይሰማል፤ «ብር ከምትይዝ ወርቅ ያዝ» የሚል። ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው የደብተሩ ቁጥር ሳይቀንስ የመግዛት ዐቅሙ ቀነሰ። ለመመረቂያ፣ ለሥራ መጀመሪያ ወይም ለኒካሕ ያጠራቀመ ሁሉ ይህን በኪሱ አይቶታል።

ሆኖም «ወርቅ ልግዛ?» ከሚለው በፊት «ወርቅ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይቀድማል። ለነጋዴው ሸቀጥ ነው፤ ለባንኩ መጠባበቂያ ነው፤ ለእናቶቻችን ጌጥም ክፉ ቀን ማለፊያም ነው። በሸሪዓችን ግን ወርቅ ከሁሉም በፊት ገንዘብ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ጫማ እንደሚገዛ ሆኖ ወርቅ ቤት ይገባና ሳያውቀው ሪባ ውስጥ ወድቆ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት ማስጨበጥ ነው። ፈትዋ አይደለም፤ ከዑለማዎች የተማርነውን ከቁጥርና ከታሪክ ጋር አገናኝቶ ለሐለቃ ውይይት ማቅረብ ነው።

1. ስድስቱ ነገሮችና የእኛ አሞሌ

ዑባደት ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስድስት ነገሮችን ለይተው ጠቅሰዋል። እነርሱም ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው ናቸው። የሐዲሱ መልእክት ሁለት ደንብ ይሰጠናል። አንደኛ፣ አንዱ ዓይነት በራሱ ዓይነት ሲለወጥ (ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር) መጠኑ እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዓይነቱ ሲለያይ (ወርቅ በብር) መጠኑ ሊበላለጥ ይችላል፤ ርክክቡ ግን አሁንም እጅ በእጅ ነው።

ከስድስቱ ውስጥ ጨው መኖሩን የከተማ ልጅ ሲሰማ ይገርመው ይሆናል። የአገራችንን ታሪክ ለሚያውቅ ግን አይገርምም። በአፋር ምድር ከሚገኘው የአርሆ ጨው እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ጥጉ ሲሰበር ዋጋው ይቀንሳል። በክፉ ቀን ደግሞ ባለቤቱ ይበላዋል። ማለትም አሞሌ በአንድ ጊዜ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ወርቅም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ወርቅ አይሟሟም፣ አይዝግም፣ ተቆርጦ ቢቀልጥ መልሶ አንድ ይሆናል። የሰው ልጅ ወርቅን ለገንዘብነት የመረጠው ስለሚያምር ብቻ ሳይሆን በዚህ ጠባዩ ነው።

2. ከጠገራ ብር እስከ ወረቀት ብር

«ብር» የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት ነው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ወረቀት የተሰየመው በማዕድኑ ስም ነው። (መንገዳችንን ካነሣን፣ አደባባያችን ስሟን የወሰደባት አገር ሜክሲኮ ዛሬም በብር ማዕድን ምርት ከዓለም ቀዳሚዋ ናት።)

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። የሐረር አሚሮችም ከተማዋ በ1887 እ.ኤ.አ. በምኒልክ እስክትያዝ ድረስ የራሳቸውን ሳንቲም አስመትተዋል። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መካና መዲና የሚገበያዩት በሮም የወርቅ ዲናርና በፋርስ የብር ዲርሃም ነበር። ሙሉ በሙሉ እስላማዊ ጽሑፍ ያለበትን ዲናር ያስመቱት ዐብዱል መሊክ ኢብኑ መርዋን ሲሆኑ ጊዜውም 77ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ስለዚህ ሸሪዓው ያያዘው ከሳንቲሙ ሥዕል ጋር ሳይሆን ከማዕድኑ ክብደት ጋር ነው።

ያንን ክብደት እናስላው። አንድ ዲናር 4.25 ግራም ወርቅ፣ አንድ ዲርሃም 2.975 ግራም ብር ነው። የዘካ ኒሳብ 20 ዲናር ወይም 200 ዲርሃም በመሆኑ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ይሆናል።

አያቶቻችን ይህን በምን ይቆጥሩት ነበር? በጠገራ ብር። ይህ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ነው። 595ን ለ23.39 ብናካፍል 25.4 ይመጣል። ማለትም በንጹሑ ብር ለሚቆጥር ሰው 26 ጠገራ ብር ኖሮት ዓመት ከዞረበት ዘካ ግዴታው ነበር። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደትም በጥራትም ለጠገራው የተጠጋ ነበር። ሕዝቡ ግን የለመደውን አልለቅም አለ፤ የንግሥቲቱን አክሊልና የትከሻ ጌጥ ነጠብጣብ እየቆጠረ መቀበሉን ቀጠለ። ገንዘብ መተማመን ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ በሕግ የጸናው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ዐዋጅ ነው። ያኔ አንድ የኢትዮጵያ ብር 5.52 ግሬን፣ ማለትም 0.36 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ ተብሎ ተተመነ። የ50 ሳንቲሙም ከብር የተሠራ ነበር። በዚያ ተመን የወርቅ ኒሳብ 238 ብር ያህል ነበር። በነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዶላርን በወርቅ መመንዘር ስታቆም የዓለም ገንዘብ ሁሉ ከወርቅ ተፈታ፤ የእኛም አብሮ። ዛሬ በ238 ብር ግማሽ ግራም ወርቅ እንኳ አይገኝም። ወርቁ 85 ግራም እንደሆነ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

3. ወረቀቱ የማንን ቦታ ያዘ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ልጆች የሚያነሡት ክርክር አለ። «ሐዲሱ የጠቀሰው ወርቅና ብርን ነው፤ ወረቀት አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ሪባ የለም» የሚል። ለዚህ መልሱ ዒላን፣ ማለትም የድንጋጌውን ምክንያት ማወቅ ነው።

በሐነፊያና በታወቀው የሐንበሊያ አቋም በወርቅና በብር ላይ ያለው ምክንያት በሚዛን የሚለኩ መሆናቸው ነው። በሻፊዒያና በማሊኪያ ደግሞ የዕቃ ሁሉ ዋጋ መለኪያ መሆናቸው ነው። የዘመናችን ዑለማዎች በአብዛኛው የያዙት ሁለተኛውን አቅጣጫ ነው። ዋጋ መለኪያነቱን ወረቀት ከወሰደ ሕጉንም አብሮ ወስዷል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ የወረቀት ገንዘብ ራሱን የቻለ ገንዘብ መሆኑን፣ በሪባም በዘካም የወርቅና የብር ድንጋጌ እንደሚይዝ ወስኗል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ለእኛ ትልቅ ነው። በብር ወርቅ ስንገዛ ገንዘብን በገንዘብ እየመነዘርን ነው። መጠኑ መበላለጥ ይችላል፤ ርክክቡ ግን እዚያው መቀመጫ ላይ መጠናቀቅ አለበት።

ኢማሙል ገዛሊ ወርቅና ብርን በሰዎች መካከል እንደሚፈርድ ዳኛ አድርገው ያዩአቸዋል። ለራሳቸው የሚፈለጉ ሳይሆኑ የሌላውን ዋጋ የሚናገሩ ናቸው፤ አከማችቶ የዘጋባቸው ሰው ዳኛውን እንዳሰረ ይቆጠራል። ሱረቱ አት-ተውባህ ላይ ወርቅና ብርን አከማችተው በአላህ መንገድ በማይሰጡት ላይ የመጣው ከባድ ማስጠንቀቂያም ይታወቃል። ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንደተላለፈው ዘካው የወጣለት ሀብት ከዚያ ማስጠንቀቂያ ውጭ ነው።

4. ወርቅ ቤት ስንገባ

በአገራችን ጥሬ ወርቅ ፈቃድ ያለው አምራችና አቅራቢ ለብሔራዊ ባንክ የሚያስረክበው ምርት ነው። ከሜክሲኮ ብዙም የማይርቀው ይህ ባንክ ከሻኪሶ ለገደንቢም ሆነ ከባህላዊ ቆፋሪዎች የሚወጣውን ወርቅ ለውጭ ምንዛሪ ምንጭነት ይፈልገዋል። ያለ ፈቃድ ጥሬ ወርቅ መያዝና መነገድ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ተማሪው በተግባር የሚያገኘው ወርቅ ጌጥ ነው። ጌጥ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት ጉዳዮች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. አሮጌን በአዲስ መለወጥ። 20 ግራም አሮጌ ሰጥቶ 15 ግራም አዲስ መቀበል፣ ወይም 10 ግራም በ10 ግራም ለውጦ የእጅ ሥራ ዋጋ በብር መጨመር በአብዛኛው ዑለማዎች ዘንድ አይቻልም። ወርቅ በወርቅ ተለውጦ አልተስተካከለምና። ኢብኑል ቀይም ለጌጥ ሥራ ዋጋ መጨመርን የፈቀዱ ቢሆንም የብዙኀኑ አቋም የተከለከለ ነው የሚለው ነው። መውጫውን የኸይበር ተምር ሐዲስ ያሳየናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ቁና ተራ ተምር በአንድ ቁና ምርጥ ተምር መለወጥን ከልክለው፣ ተራውን በዲርሃም ሸጦ በዲርሃሙ ምርጡን መግዛትን አስተማሩ። እኛም አሮጌውን ሸጠን፣ ብሩን በእጃችን ተቀብለን፣ ከዚያ እንግዛ። ሻጩ «ከእኔ ካልገዛህ» የሚል ግዴታ አያስገባ።

ለ. ዱቤና ቀብድ። ግማሹን ከፍሎ ጌጡን መውሰድ፣ ቀሪውን በወር ደመወዝ መክፈል የዘገየ ምንዛሪ ነው። ጌጡ እንዲሠራላችሁ ካዘዛችሁ ውሉን የወደፊት ቃል ብቻ አድርጉት፤ ሽያጩ ጌጡ ተዘጋጅቶ ሙሉ ዋጋው በሚከፈልበት ሰዓት ይፈጸም።

ሐ. በቴሌብርና በባንክ መክፈል። አካዳሚው በ1990 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ወደ ተቀባዩ ሒሳብ መግባቱን እንደ ርክክብ ቆጥሮታል። የሻጩ ስልክ መልእክት እስኪያስገባ ጠብቁ። ኔትወርክ ተቋርጦ «ነገ ይገባል» ከተባለ ጌጡም ነገ ይወሰድ።

መ. ካራትና ድንጋይ። ባለ 24 ካራት ንጹሕ ነው፤ ባለ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ ባለ 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ አለው። ጌጡ ላይ ያለ ድንጋይ በወርቅ ሚዛን ሊቆጠር አይገባም። ፉዷለት ኢብኑ ዑበይድ (ረ.ዐ.) ወርቅና ዶቃ ያለበትን ሐብል በ12 ዲናር ገዝተው ሲለያዩት የወርቁ ክብደት ብቻውን ከ12 ዲናር በላይ ሆኖ አገኙት፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይለይ እንዳይሸጥ አዘዙ። መለየት ማለት ማወቅ ነው።

ማወቅ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ለብሔራዊ ባንክ ወርቅ ተብለው የተሸጡ ጡቦች ደቡብ አፍሪካ ደርሰው ወርቅ የተቀባ ብረት ሆነው መመለሳቸው የዓለም ዜና ነበር። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ጉዳዩን በአንድ ቁጥር እናየዋለን፤ በጥግግት። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ ክብደት 19.3 ግራም፣ የብር 10.5፣ የብረት 7.9 ነው። 12.4 ኪሎ በሚመዝን የወርቅ ጡብ መጠን የተሠራ ብረት ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ይለየዋል። ተንግስተን የሚባለው ማዕድን ግን 19.25 በመሆኑ ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመዝነው እጅ አማና ያስፈልገዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሚዛን የሚያጎድሉትን ራሱን በቻለ ሱራ ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

5. «ወርቅ ላበደረ ጠጠር»

ይህ የአባቶች ተረት ዛሬ በብድር ጉዳይ ይነሣል። ሰው ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ለወንድሙ 50,000 ብር ካበደረ፣ ዛሬ ያው 50,000 ሲመለስለት ጠጠር የተቀበለ ይመስለዋል። «በዚያን ጊዜ ወርቅ ዋጋ አስቤ ልቀበል?» ብሎ ይጠይቃል።

አካዳሚው በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የሰጠው ውሳኔ ዕዳ የሚመለሰው በአምሳያው እንጂ በዋጋው አይደለም የሚል ነው። 50,000 ያበደረ 50,000 ይቀበላል። ብድሩን ከገበያ ዋጋ ወይም ከወርቅ ጋር አስሮ መጨመር የሪባን በር ይከፍታል። ይህ ለአበዳሪው ከባድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሦስት መውጫዎች አሉ።

አንደኛ፣ ተበዳሪው በራሱ ፈቃድ፣ ያለ ቅድመ ስምምነት፣ አሳምሮ ቢመልስ ሱና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰዋል። የምንዛሪው ለውጥ ያገኘው ተበዳሪ ይህን ሐዲስ ማስታወስ አለበት፤ ያበደረው ሰው ማስታወስ አይችልምና። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ብድሩ በወርቅ ይሁን። 10 ግራም ባለ 21 ካራት ተበድሮ 10 ግራም ባለ 21 ካራት መመለስ ግልጽ ነው። ሦስተኛ፣ የብር ዕዳ በሚከፈልበት ቀን ሁለቱ ከተስማሙ በዚያ ቀን ዋጋ በወርቅ ሊከፈል ይችላል፤ ባበደሩበት ቀን ዋጋ ግን አይደለም።

እህቶች ሆይ፣ በመህር ጉዳይም ይህን አስቡ። የሚዘገይ መህር በብር ቁጥር ሲጻፍ ከዓመታት በኋላ የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። መህር የወርቅ ግዢ ስላልሆነ በግራምና በካራት ተወስኖ ቢዘገይ የምንዛሪ ክልከላው አይነካውም። በኒካሕ ውል ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር የሴትን ሐቅ ትጠብቃለች።

6. ጥሪት ነው ወይስ ትርፍ?

ወርቅ ዋጋን ያቆያል እንጂ አይወልድም። ላም ትወልዳለች፣ ሱቅ ያተርፋል፣ ሙያ ያበላል፤ ወርቅ ግን በሣጥን ውስጥ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ግራሙ አይጨምርም። «ወርቅ አይወርድም» የሚለውም እውነት አይደለም። በጥር 1980 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ (31.1 ግራም) 850 ዶላር ደርሶ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. 1,900 ዶላር ገደማ ደርሶ በ2015 መጨረሻ ወደ 1,050 ወርዷል። በ2025 ደግሞ 4,000 ዶላርን አልፏል። የነገውን አላህ ያውቃል። ለክፍያ የሚያስፈልጋችሁን ገንዘብ፣ ይልቁንም የተበደራችሁትን፣ ወርቅ ላይ አታስሩ።

ብር (ማዕድኑ) ደግሞ የባሰ ይዋዥቃል። በኒሳቡ ስሌት የወርቅና የብር ዝምድና 1 ለ7 ነበር፤ በዘመናችን ብዙውን ጊዜ ከ1 ለ50 ይበልጣል። ለዚህ ነው የብር ኒሳብና የወርቅ ኒሳብ ዛሬ የተራራቁት። ዝምድናው 1 ለ80 ቢሆን የወርቁ ኒሳብ ከብሩ ከ11 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዑለማዎች ገሚሱ ለድሃው የሚጠቅመውን የብር ኒሳብ፣ ገሚሱ የተረጋጋውን የወርቅ ኒሳብ ይመርጣሉ። በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ።

ለጥሪት የተቀመጠ ወርቅ ዘካ አለበት። ለመልበስ በተያዘ ጌጥ ላይ ሐነፊያ ዘካ ሲያስወጡ የሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ብዙኀን አያስወጡም፤ «ክፉ ቀን ማለፊያ» ተብሎ በተቀመጠው ላይ ግን ይወጣል። 100 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ 2.5 በመቶ ሲያወጣ በሰባተኛው ዓመት ከኒሳብ በታች፣ 83.8 ግራም ላይ ይደርሳል። ዘካ የተኛን ሀብት ቀስ እያለ የሚቀሰቅስ ሥርዓት ነው። ሥራ ላይ ይዋል፣ በሽርክና ይዙር፣ ሰው ያብላ ይለናል።

በመጨረሻ በስልክ ስለሚሸጠው «ወርቅ» እናንሣ። በፎሬክስ መተግበሪያ ወርቅ የሚነግዱ የግቢያችን ልጆች አሉ። በዚህ ግብይት የሚገዛ ወርቅ የለም፤ ያለው በዋጋው መውጣትና መውረድ ላይ የሚደረግ ውል ነው። ርክክብ የለም፤ ሌቨሬጁ የደላላው ብድር ነው፤ ውሉ ሲያድር የሚቆረጠው ክፍያ ወለድ ነው። 1 ለ100 በሆነ ሌቨሬጅ ሙሉ መያዣውን ያስገባ ሰው ዋጋው 1 በመቶ ሲዞርበት ገንዘቡ በሙሉ ይጠፋል። ወርቅ በአንድ ቀን 1 በመቶ መንቀሳቀሱ ደግሞ የተለመደ ነው። ከቤተሰብ የተላከ የወር ወጪ በዚህ መንገድ እንዳይጠፋ እርስ በርስ እንመካከር።

ማጠቃለያ

ወርቅ መያዝ ሐላል ነው፤ ለተንገዳገደ ገንዘብም መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ሸሪዓው ግን ወርቅን እንደ ተራ ሸቀጥ አላየውም። ስንገዛው እጅ በእጅ፣ ስንለውጠው እኩል በእኩል፣ ስናበድረው ግራም በግራም፣ ስናስቀምጠው ከነዘካው ነው።

ለሐለቃ ውይይት፦
• አንዲት እህት ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው 100 ግራም ባለ 18 ካራትና 12 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ አላት። ኒሳብ ሞልቷል? ንጹሑን ወርቅ አስልታችሁ መልሱ።
• አሞሌ ዛሬም ገንዘብ ቢሆን ኖሮ በምግብነቱ ነው በገንዘብነቱ ሪባ የሚገባበት? የአራቱን መዝሀቦች ዒላ አነጻጽሩ።
• ወርቅ ቤት «አሮጌውን ተቀብዬ ልዩነቱን ጨምሪ» ሲላችሁ በትሕትና ምን ትላላችሁ?

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀት፣ ሐላል ሲሳይና ተቀባይነት ያለው ሥራ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።